ቢሲ-348 የጦር አውሮፕላን ሬዲዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ማብራት፦ ደረጃ በደረጃ

አሮጌ የጦር አውሮፕላን ሬዲዮ ከሚሰበስቡ ሰዎች አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ቢሲ-348 ተቀባይ አገኘሁ። 28 ቮልት ይላል። ላብራው ወይ?» መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ገና አያብሩት። ይህ ተቀባይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቢ-17 እና በቢ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ውስጥ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ሲያዳምጥበት የነበረ ነው። ዕድሜው ከ80 ዓመት አልፏል። በውስጡ ካሉት ዕቃዎች አንዳንዶቹ ዛሬም እንደ ጥንቱ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ኤሌክትሪክ እስኪያገኙ ድረስ ብቻ ደህና ይመስላሉ። የተበላሸው ዕቃ ጤነኛውን ይዞ የሚቃጠለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው፤ የሚቃጠለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በገበያ የማይገኘው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በተራው ይከተሉ። ሥራው ሁለት ወይም ሦስት የዕረፍት ቀናት ይወስዳል። የሚያስፈልገው የመልቲሜትር አጠቃቀምና የብየዳ ልምድ ነው። እነዚህ ከሌሉዎት ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉትን ደረጃዎች ብቻ ይሥሩና ለቀሪው ልምድ ያለው ሰው አጠገብዎ ያስቀምጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ዲጂታል መልቲሜትር፣ ቮልት ሲለካ የውስጥ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋ ኦም የሆነ። ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል።
• ከ0 እስከ 30 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚሰጥ፣ ከረንቱን መገደብ የሚቻልበት የጠረጴዛ ፓወር ሰፕላይ፤ ቢያንስ 3 አምፔር።
• ከ0 እስከ 250 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት የሚሰጥ፣ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ በትራንስፎርመር የተለየ ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ።
• የ3 አምፔር እና የ100 ሚሊ አምፔር ፊውዞች ከነማስቀመጫቸው።
• 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር፤ ሁለት ጫፉ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦና መቆንጠጫ የተበየደበት። ካፓሲተር ማራገፊያ ይሆንዎታል።
• 630 ቮልት የሚችሉ የፊልም ካፓሲተሮች፦ 0.01፣ 0.047 እና 0.1 ማይክሮ ፋራድ። በአሮጌው ሥዕል ላይ 0.05 የሚለው ዛሬ 0.047 ተብሎ ይሸጣል፤ ልዩነቱ ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም።
• ካቻቪቴ በተለያየ መጠን፣ ፒንሳ፣ የብየዳ ብረትና የብየዳ እርሳስ።
• ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ቀጭን የማሽን ዘይት።
• ትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ እስክሪብቶ እና ካሜራ ያለው ስልክ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ አራት ማስጠንቀቂያዎች

ተቀባዩ ከውጭ የሚያገኘው 28 ቮልት ቢሆንም በውስጡ ወደ 220 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ከረንት ይዞራል። ይህ ሰው ይገድላል። ክፍት በሆነ ሬዲዮ ላይ ኤሌክትሪክ እያለ ሲለኩ አንድ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፤ ከረንቱ ከእጅ ወደ እጅ በልብዎ በኩል እንዳያልፍ ነው። ካጠፉ በኋላም ካፓሲተሮቹን በ10 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ያራግፉ፣ ከዚያም በመልቲሜትር ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው በተለይ 220 ቮልት በሚሠራበት አገር፣ ለምሳሌ ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ ነው። «ሬዲዮው 220 ቮልት ይፈልጋል፣ ግድግዳው ላይም 220 አለ፤ አንድ ዳዮድ ብጨምርበትስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በጭራሽ እንዳይሞክሩት። የግድግዳው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት በዳዮድ አልፎ ካፓሲተር ሲሞላ ወደ 310 ቮልት ይደርሳል፤ ለቫልቮቹ (በዚያ ዘመን የትራንዚስተርን ሥራ ለሚሠሩት የመስታወት ወይም የብረት ቱቦዎች) እና ለካፓሲተሮቹ ከሚገባው በላይ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የሬዲዮው የብረት አካል በቀጥታ ከመንገድ መስመር ጋር መገናኘቱ ነው። የፊቱን ብረት የነካ ሰው መስመሩን ነካ ማለት ነው። በመካከል የሚለይ ትራንስፎርመር የግድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፦ በዚያ ዘመን በአውሮፕላን ዕቃዎች ላይ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ራዲየም ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ከሬዲዮው ጋር መለኪያ ሰዓቶች ወይም ሌሎች መቆጣጠሪያዎች አብረው መጥተው ከሆነ፣ ቁጥሮቻቸው ላይ ያለውን ቢጫማ ወይም ቡናማ ቀለም አይፋቁ፣ መስታወታቸውንም አይክፈቱ። ቀለሙ ማብራት ቢያቆምም ራዲየሙ አላለቀም።

አራተኛው፦ ለሞቃትና እርጥብ አገር የተዘጋጁ ተቀባዮች ውስጣቸው ፈንገስ የሚገድል መድኃኒት ያለበት ቫርኒሽ ተቀብተዋል። በብየዳ ብረት ሲነካ የሚወጣው ጭስ ጎጂ ነው። መስኮት ይክፈቱ፤ ቫርኒሹን አይፋቁት።

1ኛ ደረጃ፦ ስሙን በትክክል ማንበብ

ከ348 ቀጥሎ ያለችው ፊደል ወሳኝ ናት። ጄ፣ ኤን እና ኪው የሚሉት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ኤች፣ ኬ፣ ኤል፣ አር፣ እንዲሁም ኢ፣ ኤም፣ ፒ ደግሞ ሌላ ዓይነት አሠራር አላቸው። ሁሉም ስምንት ቫልቭ አላቸው፤ ቫልቮቹ ግን አንድ አይደሉም። በጄ፣ ኤን እና ኪው ውስጥ የሚገኙት አምስት 6ኤስኬ7፣ አንድ 6ኤስኤ7፣ አንድ 6ኤስአር7 እና ድምፅ የሚያወጣው 6ኬ6 ናቸው። በሌሎቹ ውስጥ 6ኬ7፣ 6ጄ7፣ 6ሲ5፣ 6ኤፍ7፣ 6ቢ8 እና 41 የሚባሉትን ያገኛሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ቆብ የመሰለ የሽቦ መያዣ አላቸው።

ይህን አስቀድመው የሚያጣሩት የኤሌክትሪክ ሥዕሉን በትክክለኛው ፊደል ለማግኘት ነው። በአር ሥዕል ኪው የጠገነ ሰው መጨረሻው ጤነኛ ዕቃ ነቅሎ መጣል ነው።

አሁን ሣጥኑን ያውጡና ፎቶ ያንሱ። ከላይ፣ ከታች፣ ከእያንዳንዱ ጎን፤ እያንዳንዱን ጥግ በቅርበት። ቢያንስ 40 ፎቶ። በኋላ አንድ ሽቦ ከቦታው ወልቆ ሲያገኙት ከየት እንደመጣ የሚነግርዎት ይህ ብቻ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ሌላ ሰው ነካክቶት እንደሆነ ማወቅ

ከሁሉም ደረጃዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከጦርነቱ በኋላ እነዚህ ተቀባዮች በርካሽ ሲሸጡ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ቤታቸው ባለው ኤሌክትሪክ እንዲሠሩላቸው ቀይረዋቸዋል። የተለመደው ለውጥ ዳይናሞተሩን (28 ቮልቱን ወደ 220 የሚቀይረውን ተሽከርካሪ ማሽን) አውጥቶ በቦታው ትራንስፎርመር ማስገባትና የቫልቮቹን ፊላመንት (ቫልቩን ከውስጥ የሚያሞቀውን ቀጭን ሽቦ) በ6.3 ቮልት እንዲሠራ ጎን ለጎን ማያያዝ ነበር።

እያንዳንዱ ቫልቭ 6.3 ቮልት ይፈልጋል። ፋብሪካው ግን ቫልቮቹን በቡድን በቡድን በተከታታይ አያይዟቸው ስለነበር 28 ቮልቱ ይከፋፈልላቸዋል። ሽቦው ተቀይሮ ከሆነና እርስዎ 28 ቮልት ከሰጡት፣ ስምንቱም ቫልቮች ከሚገባቸው ከአራት እጥፍ በላይ ያገኛሉ። አንድ ወዳጄ ይህ ደርሶበታል። ሰሌዳው ላይ «28 ቮልት» የሚለውን አምኖ አገናኘ፤ አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ታየ፤ ስምንት ቫልቭ አለቀ። ሰሌዳው ከፋብሪካ ሲወጣ ያለውን እንጂ ዛሬ ያለውን አይናገርም።

እንዴት ያረጋግጣሉ?

ሀ. በዓይን። ዳይናሞተሩ ቦታው ላይ አለ? ትራንስፎርመር ገብቶበታል? የኋላው መሰኪያ ተነቅሎ በቦታው የግድግዳ ስፒና ያለው ገመድ ወጥቶበታል? ከጨርቅ ሽፋን ሽቦዎች መሐል የፕላስቲክ ሽፋን ያለው አዲስ ሽቦ ይታያል? የፋብሪካው ብየዳ ንጹሕ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ትንሽ የቀለም ነጥብም ይታይበታል። ያልተስተካከለ የብየዳ ጉብታ የሌላ እጅ ምልክት ነው።

ለ. በመልቲሜትር። ቫልቮቹን ሁሉ ያውጡ። እያንዳንዱን ሲያወጡ የወጣበትን ቦታ ቁጥር በወረቀት ለጥፉበት፤ ዓይነታቸው አንድ የሆኑትንም ቢሆን ወደየቦታቸው እንዲመለሱ ነው። ለአብዛኞቹ ባለ ስምንት እግር ቫልቮች የፊላመንት እግሮች 2ኛውና 7ኛው ናቸው፤ ለ6ኤስአር7 ግን 7ኛውና 8ኛው። ከእያንዳንዱ ሶኬት የፊላመንት ቀዳዳ ወደ ብረቱ አካል ኦም ይለኩ። በሁሉም ሶኬቶች ከሁለቱ አንዱ ወደ ብረቱ ዜሮ ኦም ካሳየ፣ ሁለተኛዎቹም እርስ በርሳቸው ዜሮ ኦም ከሆኑ፣ ሽቦው ተቀይሮ 6.3 ቮልት ሆኗል። ከሶኬት ሶኬት የተለያየ ንባብ ካገኙ፣ ወደ ብረቱ የሚደርሱትም ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ፣ የፋብሪካው አሠራር ምናልባት አልተነካም፤ ከሥዕሉ ጋር ያመሳክሩት።

ተቀይሮ ካገኙት አይዘኑ። ለውጡ በጥሩ እጅ የተሠራ ከሆነ በ6.3 ቮልት ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከዚህ በታች 28 የሚለውን ሁሉ 6.3 እያሉ ያንብቡት፣ የፓወር ሰፕላዩን ከረንት ግን ከፍ ያድርጉ፤ ቫልቮቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ የእያንዳንዱ ከረንት ይደመራል። የገባው ትራንስፎርመር ባለ ሁለት ሽቦ አሮጌ ገመድ ካለው ግን ገመዱን ቆርጠው ባለ ሦስት ሽቦ ያድርጉት፣ ሦስተኛውንም ከብረቱ አካል ጋር ያሥሩት።

3ኛ ደረጃ፦ ማጽዳት

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያርግፉ። ውኃ አይጠቀሙ። የማስተካከያው ጥርሶች ላይ የደረቀ ግሪስ ይኖራል፤ ጠንክሮ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ቁልፉን በጉልበት ማዞር ጥርሶቹን ይጎዳል። በጥጥ ላይ አልኮል አድርገው እስኪላቀቅ ድረስ ያርሱት፣ ይጥረጉት፣ ከዚያም አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ ይስጡት። ተለዋዋጩ ካፓሲተር ቅጠሎች መሐል ምንም አያስገቡ፤ በፀጉር ያህል መታጠፍ እንኳ የድግግሞሽ ሰሌዳውን ያዛባል።

የሞገድ መምረጫው ማብሪያ ላይ የሚረጭ ማጽጃ አይርጩ። ፈሳሹ ቡናማው ሰሌዳ ውስጥ ይሰርግና በንክኪዎቹ መካከል ከረንት እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍታል። ጥጥ በትንሹ አርሰው ንክኪዎቹን አንድ በአንድ ይንኩ።

የፊቱን ጥቁር ቀለም አይቀቡት፣ አይወልውሉት። ለሰብሳቢ የተቀባ ፊት ዋጋውን ያጣል።

4ኛ ደረጃ፦ ካፓሲተሮቹን መመርመር

ብዙው ሥራ ያለው እዚህ ነው። የወረቀት ካፓሲተር ሁለት የብረት ገጾችን በሰም ወይም በዘይት በተነከረ ወረቀት ይለያል። ወረቀቱ በጊዜ ብዛት እርጥበት ይስባል፤ ከዚያም ቀጥተኛ ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል። በመልቲሜትር የካፓሲተር መለኪያ ቢለኩት ጤነኛ ይመስላል፤ ምክንያቱም መልቲሜትሩ የሚሰጠው ቮልቴጅ በጣም ትንሽ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ሥራው ላይ በሚያገኘው ቮልቴጅ ሲፈተሽ ብቻ ነው።

አፈታተሹ እንዲህ ነው፦

ሀ. የካፓሲተሩን አንድ ጫፍ ከብየዳው ይፍቱ።
ለ. የከፍተኛውን ፓወር ሰፕላይ ፖዘቲቭ በ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ከተፈታው ጫፍ ጋር ያገናኙ። ሬዚስተሩ ካፓሲተሩ ሙሉ በሙሉ ከተበሳ ከረንቱን ለመግታት ነው።
ሐ. ቀጥተኛ ቮልት ላይ ያደረጉትን መልቲሜትር በካፓሲተሩ ሌላኛው ጫፍና በፓወር ሰፕላዩ ኔጋቲቭ መካከል ያድርጉ። ሌላኛው ጫፍ ከብረቱ አካል ጋር የተበየደ ከሆነም የፓወር ሰፕላዩ ኔጋቲቭ ብረቱን እንዳይነካ ያድርጉ፤ ብረቱ በመለኪያው ብቻ ነው የሚገናኘው። ፓወር ሰፕላዩ በርቶ እያለ ብረቱን አይንኩ።
መ. ቀስ ብለው ወደ 200 ቮልት ያድርሱ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ንባቡን ይጻፉ፣ ያጥፉ፣ ካፓሲተሩን ያራግፉ።

ካፓሲተሩ ጤነኛ ከሆነ መልቲሜትሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። 2 ቮልት ካሳየ የካፓሲተሩ ሬዚስታንስ ወደ 1,000 ሜጋ ኦም ነው፤ ይህ ለማንኛውም ቦታ ጥሩ ነው። 20 ቮልት ካሳየ 90 ሜጋ ኦም ገደማ ነው። «90 ሜጋ ኦም ብዙ አይደለም እንዴ?» ይሉ ይሆናል። ከአንድ ቮልቴጅ መስመር ወደ ብረቱ አካል ለተገናኘ ካፓሲተር በእርግጥ ይበቃል። ከአንድ ቫልቭ አኖድ (መውጫው) ወደ ቀጣዩ ቫልቭ ግሪድ (የቫልቩን ከረንት ወደሚቆጣጠረው መግቢያ) ድምፅ ለሚያሻግረው ካፓሲተር ግን አይበቃም። ለምን እንደሆነ እናስላው፦ 200 ቮልት በ90 ሜጋ ኦም አልፎ ግማሽ ሜጋ ኦም በሆነ የግሪድ ሬዚስተር ላይ ሲያርፍ ከ1 ቮልት በላይ ፖዘቲቭ ይሰጣል። የውጤቱ ቫልቭ (ድምፅ የሚያወጣው) ግሪድ ኔጋቲቭ መሆን ሲገባው ወደ ፖዘቲቭ በተጎተተ ቁጥር ቫልቩ የሚስበው ከረንት ያድጋል። ቫልቩ ይግላል፤ ሲግል የበለጠ ይስባል፤ ያ ከረንት የሚያልፈው በውጤት ትራንስፎርመሩ ቀጭን ሽቦ ነው። የሚቃጠለው እሱ ነው፤ ምትኩም በሱቅ አይገኝም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ወደ ውጤቱ ቫልቭ ግሪድ የሚሄደውን ካፓሲተር ሳይለኩ እንኳ ይቀይሩት። ሌሎቹን ለክተው የደከሙትን ብቻ ይቀይሩ። ሁሉንም ነቅሎ በአዲስ መተካት ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ሰብሳቢ የሚፈልገውን የውስጥ መልክ ያጠፋል።

መልኩን ሳያጠፉ ለመቀየር፦ በብሎን የታሠሩትን የብረት ሣጥን ካፓሲተሮች ከቦታቸው አይንቀሉ። የሽቦ ጫፎቹን ብቻ ይፍቱና አዲሱን ትንሽ ካፓሲተር ከታች በኩል ይበይዱ። አሮጌው ባዶውን ቦታው ላይ ይቆያል። ሣጥኑን ከፍቶ ውስጡን ባዶ በማድረግ አዲሱን የሚደብቁ ሰዎች አሉ፤ የዚያን ዘመን የካፓሲተር ዘይት ግን ለጤና ጎጂ ኬሚካል ሊሆን ስለሚችል ዘይት ያለበትን እንዲከፍቱ አልመክርም። የሚያንጠባጥብ ካገኙ በጓንት ይያዙት።

በማስተካከያ ክፍሎች ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የሚካ ካፓሲተሮች ያለ ማስረጃ አይንኩ። እነዚህ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ናቸው፤ መቀየራቸውም ድግግሞሹን ያዛባል።

የነቀሉትን ሁሉ ቁጥሩን ጽፈው በከረጢት ያስቀምጡ። ከረጢቱ ከሬዲዮው አይለይ።

5ኛ ደረጃ፦ ሬዚስተሮች

የዚያ ዘመን የካርቦን ሬዚስተሮች ሲያረጁ ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ይሄዳል። ለመለካት እያንዳንዱን መፍታት አያስፈልግዎትም። ሬዲዮው ጠፍቶና ካፓሲተሮቹ ተራግፈው እያለ በቦታው የተለካ ሬዚስተር ከጎኑ ባሉ ሌሎች መንገዶች ምክንያት ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ሊያሳይ ይችላል፤ የበለጠ ግን ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ በቦታው ሲለካ ከተጻፈበት በላይ ያሳየ ሬዚስተር በእርግጥ ተበላሽቷል። ከ20 በመቶ በላይ ያለፉትን ይቀይሩ። ያነሰ ያሳዩትን አንድ ጫፋቸውን ፈትተው ዳግም ይለኩ።

6ኛ ደረጃ፦ ዳይናሞተሩን ምን እናድርገው?

ዳይናሞተሩ 28 ቮልቱን ተቀብሎ እየተሽከረከረ ወደ 220 ቮልት የሚቀይር ሞተርና ጄነሬተር በአንድ አካል ነው። ለመጀመሪያው ሙከራ አይጠቀሙበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዳይናሞተር ቮልቴጁን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ እኛ ግን በትንሽ በትንሹ መስጠት እንፈልጋለን። ሽቦዎቹን ምልክት አድርገው ብሎኖቹን ይፍቱና ያውጡት።

ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት የከሰል ብሩሾቹን (ካርቦኖቹን) አንድ በአንድ ያውጡ። የትኛው ከየት፣ በየትኛው ፊቱ እንደወጣ ምልክት ያድርጉ፤ ብሩሽ ከሚነካው ክብ መዳብ ጋር ተጋጥሞ ስለሚያልቅ ተገልብጦ ከተመለሰ የእሳት ፍንጣሪ ያበዛል። ክቡን መዳብ በአልኮል ይጥረጉ። ካልጠራ በጣም ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀሙ፤ ጥቁሩን የብረት መሞረጃ ወረቀት ግን አይጠቀሙ፤ ከረንት የሚያስተላልፍ ብናኙ በመዳቦቹ መካከል ገብቶ ያገናኛቸዋል። የኩሽኔታዎቹን የደረቀ ግሪስ አጥበው ትንሽ አዲስ ግሪስ ይስጡ።

በኋላ ልትጠቀሙበት ስትወስኑ ሁለት ነገር አትርሱ። ሲነሣ የሚስበው ከረንት ሲሽከረከር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ያጠፋል፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ በተከታታይ ይሻላል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ከገባ ደግሞ ሞተሩ እንደ ወትሮው ይሽከረከራል፤ የሚሰጠው ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን ይገለበጣል። ድምፁ ደህና ነው ብለው አይመኑ፤ ከሬዲዮው ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ውጤቱን ይለኩ።

7ኛ ደረጃ፦ ፊላመንቶቹን ብቻ ማብራት

ስምንቱንም ቫልቮች ወደየቦታቸው ይመልሱ። በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ወይ ይጠፋሉ ወይ ከድርሻቸው በላይ ያገኛሉ፤ ሬዲዮው እየሠራም ቫልቭ አይንቀሉ።

የጠረጴዛውን ፓወር ሰፕላይ በ3 አምፔር ፊውዝ በኩል ከ28 ቮልቱ መግቢያ ጋር ያገናኙ። ከረንቱን 2 አምፔር ላይ ይገድቡ። ከ0 ተነሥተው በ5 ደቂቃ ውስጥ ወደ 28 ያድርሱ። ቀዝቃዛ ፊላመንት ሬዚስታንሱ ትንሽ ስለሆነ በድንገት ሲበራ ብዙ ይስባል፤ ቀስታው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

28 ሲደርስ በእያንዳንዱ ቫልቭ የፊላመንት እግሮች መካከል ይለኩ። በ6 እና በ6.6 ቮልት መካከል ያለ ንባብ ጤነኛ ነው። የብረት ቫልቮች ብርሃናቸው አይታይም፤ በእጅ ሙቀታቸውን ይዳስሱ። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ፊላመንቱ ተቆርጧል ወይም እግሩ አልገባም።

8ኛ ደረጃ፦ ከፍተኛውን ቮልቴጅ በየደረጃው መስጠት

ሁለተኛውን ፓወር ሰፕላይ በ100 ሚሊ አምፔር ፊውዝና በሚሊ አምፔር መለኪያ በኩል የዳይናሞተሩ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሽቦዎች በነበሩበት ቦታ ያገናኙ። ኔጋቲቩንም የዳይናሞተሩ ኔጋቲቭ በነበረበት በዚያው ቦታ ያድርጉት፤ በግምት ከብረቱ አካል ጋር አያሥሩት።

ፊላመንቶቹ ሁለት ደቂቃ ከሞቁ በኋላ፦

• 50 ቮልት፣ 10 ደቂቃ። ከረንቱ ጥቂት ሚሊ አምፔር ብቻ መሆን አለበት። በዚህ ላይ 30 ወይም 40 ካሳየ የሆነ ቦታ ያመልጣል፤ ያጥፉ።
• 100 ቮልት፣ 10 ደቂቃ። የውጤቱን ቫልቭ ግሪድ ከብረቱ አካል አንጻር ይለኩ፤ ለ6ኬ6 5ኛው እግር ነው። ዜሮ ወይም ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ፖዘቲቭ ከሆነ ወደ 4ኛ ደረጃ ይመለሱ።
• 150 ቮልት፣ 20 ደቂቃ። ካጠፉና ካራገፉ በኋላ ካፓሲተሮቹን በእጅ ይዳስሱ። ካፓሲተር መሞቅ የለበትም፤ የሞቀው ይቀየር።
• 220 ቮልት። ጠቅላላው ከረንት ወደ 70 ሚሊ አምፔር ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ዳይናሞተሩ ሊሰጥ የሚችለው ይህን ያህል ነው። እየጨመረ የሚሄድ ከረንት ካዩ ምክንያቱን ሳያውቁ አይቀጥሉ።

ሽታ፣ ጭስ ወይም የሚንጣጣ ድምፅ ካለ መጀመሪያ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ያጥፉ።

9ኛ ደረጃ፦ ማዳመጥ

ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚሆን ሽቦ ከአንቴናው ማያያዣ ጋር፣ ጥሩ የመሬት ሽቦ ደግሞ ከመሬቱ ማያያዣ ጋር ያሥሩ። ሽቦውን ከቤቱ ያርቁት፤ የኤልኢዲ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ብዙ ጫጫታ ያወጣሉ። መብረቅ ባለበት የክረምት ሰሞን አንቴናውን ነቅለው ይደሩ።

ተቀባዩ በስድስት ክፍል የሚሸፍነው ይህን ነው፦ ከ200 እስከ 500 ኪሎ ኸርዝ፤ ከዚያም በሜጋ ኸርዝ ከ1.5 እስከ 3.5፣ ከ3.5 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 9.5፣ ከ9.5 እስከ 13.5 እና ከ13.5 እስከ 18። ማታ ከ6 እስከ 9.5 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክፍል ይምረጡ፤ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎችን በብዛት የሚያገኙት እዚያ ነው። መምረጫውን አውቶማቲክ የድምፅ ቁጥጥር ላይ፣ የሞርስ ማዳመጫውን ኦሲሌተር አጥፍተው፣ የክሪስታል ማጣሪያውንም በማብሪያው ከሥራ ውጭ አድርገው ይጀምሩ። ጣቢያ ሲያገኙ በፊቱ ላይ ያለውን የአንቴና ማስተካከያ ቁልፍ ድምፁ እስኪጎላ ያዙሩ።

10ኛ ደረጃ፦ ማስተካከል ያስፈልጋል ወይ?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የድግግሞሽ ሰሌዳው ምን ያህል እንደሚሳሳት መጀመሪያ ይለኩ። አሜሪካ ያላችሁ በ2.5፣ በ5፣ በ10 እና በ15 ሜጋ ኸርዝ የሚያሰራጨውን የሰዓት ጣቢያ ደብሊው ደብሊው ቪን መጠቀም ትችላላችሁ። ሌላ አገር ያላችሁ ድግግሞሹን በእርግጠኝነት የምታውቁትን ጣቢያ ወይም ሲግናል ጄነሬተር ተጠቀሙ። ሰሌዳው በጥቂቱ ብቻ ቢሳሳት ይተዉት።

መካከለኛው ድግግሞሽ (ተቀባዩ የማንኛውንም ጣቢያ ሞገድ በውስጡ ቀይሮ የሚያጎላበት) 915 ኪሎ ኸርዝ ነው። በውስጡ ያለው ክሪስታል በዚያው አካባቢ ስለሚንቀጠቀጥ ማስተካከል የግድ ሲሆን የሚስተካከለው በክሪስታሉ ልክ ነው፤ በ915 ቁጥር ብቻ ካስተካከሉት የክሪስታል ማጣሪያው ሲገባ ጣቢያው ይጠፋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

«መካከለኛ ሞገድ ምንም አይሰማም።» ከ500 ኪሎ ኸርዝ እስከ 1.5 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ይህ ተቀባይ ጨርሶ አይሸፍንም። ብልሽት አይደለም።

«ሁሉም ይሞቃል፤ ድምፅ ግን የለም።» በአውሮፕላኑ ላይ ማሰራጫው ሲናገር ተቀባዩን ዝም የሚያሰኝ መስመር ነበር። በኋላው መሰኪያ 2ኛውና 6ኛው እግር ካልተገናኙ ተቀባዩ ዝም ይላል። ሥዕሉን አይተው ያገናኟቸው።

«ድምፁ በጣም ደካማ ነው።» ውጤቱ የተዘጋጀው ለ300 ወይም ለ4,000 ኦም ነው። የስልክ ማዳመጫዎ 16 ወይም 32 ኦም ነው። በመካከል ድምፅ የሚያዛምድ ትንሽ ትራንስፎርመር ያድርጉ፣ ወይም የ600 ኦም የዘመኑን ማዳመጫ ይፈልጉ።

«ጣቢያው ላይ ሁሉ ፉጨት አለ።» የሞርስ ኦሲሌተሩ በርቷል።

«የማይሰማ ሲሆን የሚዞሩትን ብሎኖች ሁሉ ትንሽ ትንሽ አዞርኳቸው።» ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ነው። ማስተካከያዎቹ በራሳቸው አይዞሩም፤ 80 ዓመት የቆሙበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው ነው። ዝም ያለ ሬዲዮ ካፓሲተር፣ ቫልቭ ወይም የተቆረጠ ሽቦ አለበት።

«የማያቋርጥ ወፍራም እምምታ አለ።» የከፍተኛው ፓወር ሰፕላይ ማጣሪያ ካፓሲተር አንሷል። ዳይናሞተር በነበረ ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም፤ የሚመጣው ከግድግዳው ተለዋዋጭ ከረንት ነው።

ከመክደንዎ በፊት

አንድ ወፍራም ካርድ ይቁረጡና በሬዲዮው ውስጥ ያሥሩ። ፊላመንቱ በስንት ቮልት እንደሚሠራ፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ስንት እንደሆነ፣ የተቀየሩት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ቁጥር፣ ዳይናሞተሩ በውስጡ መኖሩን ወይም በሣጥን መቀመጡን፣ ሥራው ያለቀበትን ቀን ይጻፉበት። ፊላመንቱን የሚመለከተውን መስመር በቀይ ይጻፉት።